ሰልፉ ለምን በጾታ ይሆናል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጅማ፣ ሂርማታ ነው የምኖረው። ልጄ ኬጂ 1 እያለች ከጎረቤታችን ልጅ ጋር እቃቃ ትጫወት ነበር። ዘንድሮ ኬጂ 3 ገባች። «እሱ'ኮ ወንድ ነው!» ብላኝ አረፈች።

የእሷ ብቻ አይደለም። ልጆች ከ3 ዓመት ገደማ ጀምሮ መሰላቸውን ይመርጣሉ። ቀድመው የሚሸሹት ብዙ ጊዜ ሴቶቹ ናቸው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤሊኖር ማኮቢና ካሮል ጃክሊን በ1987 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ በ4 ዓመት ተኩል ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚጫወቱበት ጊዜ ከተቃራኒው 3 እጥፍ ገደማ ነበር፤ በ6 ዓመት ተኩል 11 እጥፍ ደረሰ።

ይህን መምህራን አልፈጠሩትም። ግን ጠዋት ጠዋት «ሴቶች በዚህ፣ ወንዶች በዚያ» ምን ይሉታል? የረበሸን ወንድ ሴቶች መሃል ማስቀመጥማ (እኛም ተቀጥተንበታል) ይብሳል። በቁመት ቢያሰልፏቸውስ?

አንዲት እናት፣ ከጅማ