ሰብሊ፣ ዛንዚባር እንሂድ

ሰብሊዬ፣

እንዴት ነሽ ብዬ ለመጀመር እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጥር ሲመጣ ሁለት ዓመት ይሞላል። ይቅርታ አድርጊልኝ። ለምን እንደጠፋሁ እነግርሻለሁ፤ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርሽ።

እቁብ ወጣልኝ። ዛንዚባር እንሂድ።

በቀደም ሾላ ገበያ ቅመም ልገዛ ወጥቼ ነበር። ባለቅመሟ ቅርንፉድ ዘግና አፍንጫዬ ሥር አደረገችልኝ። «የዛንዚባር ነው፣ እንደ ሌላው እንዳይመስልሽ» አለችኝ። እዚያው ቆሜ አባባ ድቅን አሉብኝ። በረንዳው ላይ፣ አፉ በተሸረፈው ብርጭቆ፣ ሻዩ ውስጥ ሁለት ፍሬ ጣል አድርገው። የክብሪት እንጨቷን ጀልባ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ሲነዷት። «በሰሜን ነፋስ ይወርዳሉ፣ በደቡብ ነፋስ ይመለሳሉ» ሲሉን። ጥርሴን ባመመኝ ጊዜ ቅርንፉድ አስነክሰውኝ «ዛንዚባር አፍሽ ውስጥ ናት» ያሉኝን ታስታውሻለሽ? ሩብ ኪሎ ገዝቼ እያለቀስኩ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

እኛ'ኮ ባሕርን አንድ ላይ ልናይ ተማምለን ነበር። አንቺ እዚያ አሜሪካ፣ ኦሽን ሲቲ ሄደሽ በዚያ በሰፊው ኮፍያ ፎቶ ለጠፍሽ። አንድ ሳምንት አኩርፌሻለሁ፤ አላወቅሽም እንጂ። ዕዳሽን የምትከፍይበት ጊዜ ደርሷል።

እቅዱ እንዲህ ነው። ለገና ትመጫለሽ። ጥምቀትን ጃንሜዳ እናሳልፋለን። የአባባ ሙት ዓመት ጥር 13 ነው፤ ከእማማ ጋር ሆነን እናወጣዋለን። ጥር 16 እንበራለን። ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። በጥር እዚያ ፀሐይ ነው፤ ትልቁ ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ደግሞ ስሚ፣ በዚያ ወር የሚነፍሰው አባባ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ነው። «ካስካዚ» ይሉታል። ስም እንዳለው አላውቅም ነበር። ጀልባዎቹ ከዐረብ አገር የሚወርዱት በእሱ ነው። አባባ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ የተማሩትን ነው ለካ በክብሪት እንጨት ያስተማሩን።

ሌላም አለ። የእነሱ ሰዓት የእኛ ሰዓት ነው! በስዋሂሊ «ሳዓ ሞጃ» ማለት አንድ ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት። ስንት ዓመት ሙሉ «በእኛ ነው በእናንተ» እያልሽ ስትሟገቺኝ ኖረሻል። እዚያ ማንም አይጠይቅሽም። ቅርንፉድንም «ካራፉ» ይሉታል። ሁለቱን ቃላት ደጋግመሽ በያቸው፣ አንድ ቤት ያደጉ ይመስላሉ።

ስለ ስቶን ታውን፣ ስለ ዛንዚባር አሮጌው ከተማ፣ እያነበብኩ ነው የማድረው። መኪና የማያስገቡ ጠባብ መንገዶች አሉ፤ ናስ የተመታባቸው የተቀረጹ በሮችም አሉ። ፖርቱጋሎች ነበሩ፣ ከዚያ የኦማን ዐረቦች፣ ከዚያ እንግሊዞች። ሱልጣን ባርጋሽ በፈረንጆች በ1883 ያሠራው «የድንቆች ቤት» የሚባል ትልቅ ቤተ መንግሥት አለ። በፈረንጆች ገና ዕለት፣ በ2020፣ ግማሹ ተናደ። ሳነበው የራሴ ሰፈር የተናደ ያህል አዘንኩ። ማታ ማታ ፎሮዳኒ የሚባል የባሕር ዳር መናፈሻ ላይ ዓሣ ይጠብሳሉ፣ የሸንኮራ ጭማቂ ይጨምቃሉ። ከከተማው ፊት ለፊት ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ደግሞ ከሲሸልስ በፈረንጆች በ1919 የመጡ ግዙፍ ኤሊዎች አሉ፤ ዘር ተክተዋል። ከተማው የሙስሊም ከተማ ነውና ትከሻና ጉልበት መሸፈን ያስፈልጋል። አጫጭሮቹን ቀሚሶችሽን እዚያው ተያቸው። ነጠላ ያዢ።

አንድ አባባ ያልነገሩን ታሪክ አለ፤ ቢያውቁት ኖሮ በየዓመቱ የካቲት ላይ ይነግሩን ነበር። ዓድዋ በሆነበት በዚያው በ1888 ዓ.ም.፣ ነሐሴ ላይ፣ እንግሊዞች የዛንዚባርን ቤተ መንግሥት በመርከብ መድፍ ደበደቡት። ሱልጣን ካሊድ ያለ ፈቃዳችን ዙፋን ያዘ ብለው ነው። ጦርነቱ 38 ደቂቃ ነው የቆየው ይላሉ። እኛ በየካቲት፣ እነሱ በነሐሴ። ዕድሜዬን ሙሉ በዓድዋ ስኮራ፣ በዚያው ዓመት 38 ደቂቃ ብቻ ስለተሰጣቸው ሰዎች አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝን ልንገርሽ።

ቅርንፉዱ የዚያ አገር ዛፍ አይደለም። ከሞሪሸስ ነው የገባው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ። የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ ወደዚያ ዞሮ መኖር ሲጀምር ደሴቶቹን በቅርንፉድ አስሞላቸው። እምቡጡ ሳይፈነዳ በእጅ ይለቀማል፣ ምንጣፍ ላይ ይሰጣል፣ ጠቁሮ እንደ ምስማር እስኪሆን ይደርቃል። ያን ሁሉ የሚለቅመው ባሪያ ነበር። ከመሐል አፍሪካ በሰንሰለት የመጣ ሰው። ሩብ ኪሎዬን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንድ አንዱን አየሁት። እያንዳንዷ አራት ጥፍር የሚመስል ጫፍ አላት፣ መሐሏ ላይ ያልፈነዳች ኳስ። ተነሥቼ ሻይ ላፈላ ብል አልቻልኩም።

የባሪያ ገበያው የተዘጋው በእንግሊዞች ግፊት፣ በፈረንጆች በ1873 ነው። ባርነቱ ራሱ በሕግ የቀረው ግን በፈረንጆች በ1897 ነው። ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ ካቴድራል ቆሟል። መሠዊያው ያለው ሰው ታስሮ ይገረፍበት የነበረው ዛፍ ቦታ ላይ ነው ይላሉ። ግቢው ውስጥ አንድ ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ አምስት የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል፤ አንገታቸው ላይ ያለው ሰንሰለት እውነተኛ ነው። ፎቶውን አይቼ ስልኩን ገለበጥኩት።

የከበደኝ ደግሞ ይኼ ነው። በሰይድ ሰዒድ ቤት ከነበሩት ቁባቶች ብዙዎቹ ሐበሾች ነበሩ። የገዛ ልጁ ሳልሜ፣ ኋላ ጀርመናዊ ነጋዴ ወድዳ ከአገሯ ያመለጠችው፣ ስለ እነሱ ጽፋለች። የእኛ አገር ሴቶች፣ ሰብሊ። ከደጋ ተነሥተው፣ በገበያ በገበያ ተሽጠው፣ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት እንዲያ ሆነው ነው። አንቺና እኔ በረንዳ ላይ ባሕር እናያለን ብለን ስንማማል፣ ከእኛ በፊት ያዩት ሴቶች ሊያዩት ፈልገው አልነበረም። በየትኛው ቋንቋ አለቀሱ? እናታቸውን ምን ብለው ነበር የሚጠሩት?

እና እንዴት አድርጌ ነው ቦታውን አይቼ ከሰዓት በኋላ አሸዋ ላይ የምጋደመው? መጀመሪያ ቀን እንሂድ ወይስ መጨረሻ? መጨረሻ ካደረግነው የሸሸን ይመስለኛል። መጀመሪያ ካደረግነው ቀሪውን ቀን እንደ እንግዳ ደስ ብሎኝ መዋል የምችል አይመስለኝም። አንቺ ሁልጊዜ እንዲህ ያለውን በአንድ ቃል ትቆርጪው ነበር። እኔ ብቻዬን አልችልም። ጧፍ ይዤ ልሂድ ብዬ አስቤያለሁ፤ ይፈቀድ ይሆን አይሆን እንጠይቃለን።

ደግሞ እዚያ ጉድጓድ ፊት ከአንቺ ጋር የምቆም ከሆነ፣ አንድ ነገር ደብቄ መቆም አልችልም።

ቀብሩ ዕለት ስልኩን የያዝኩልሽ እኔ ነበርኩ። ሳጥኑ ሲወርድ «አስጠጊኝ፣ አስጠጊኝ» ስትዪኝ ተቋረጠብሽ። ኔትወርክ ጠፋ አልኩሽ። ኔትወርክ አልጠፋም ነበር። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ድምፅሽን መሸከም አቃተኝ። አፈሩ ሲመለስ እንኳ አላየሽም፣ በእኔ ምክንያት። በማግስቱ ልነግርሽ አሰብኩ፣ አልቻልኩም። ከዚያ ስልክሽ ሲጮህ አየዋለሁ፣ አላነሣውም። ሳምንት ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት። እማማን እጠይቃቸዋለሁ፣ እሑድ እሑድ ቡና እናፈላለን፤ «ሰብሊ እንዴት ናት?» ሲሉኝ «ደህና ናት» እላለሁ። በሐሰት ነው የኖርኩት።

ጨረስኩ። ልትቆጪኝ መብትሽ ነው። ከፈለግሽ አውሮፕላኑ ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቆጪኝ።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ለቢጫ ወባ ክትባት የተሰጠሽን ካርድ ፈልጊ፤ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ይጠይቃሉ። የአሜሪካ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ቪዛው 100 ዶላር ነው። ከፈረንጆች ኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ 44 ዶላር የኢንሹራንስ ክፍያ አለ፣ ከደሴቱ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የሚገዛው። የእኔን የእቁቡ ብር ይሸፍነዋል። አንቺ የራስሽን ቻዪ፣ የፎሮዳኒን ዓሣ እኔ እጋብዛለሁ።

ዋና አንችልም ብለሽ አትጨነቂ። በምሥራቁ በኩል፣ ፓጄ የሚባል መንደር አለ። ባሕሩ ሲሸሽ በጣም ርቆ ይሸሻል አሉ፤ ሴቶቹ ውኃው ውስጥ ገብተው የባሕር አረም ያለማሉ፣ በገመድ አስረው። እኛም ቀሚሳችንን ሰብስበን በእግራችን እንገባለን። ቁርጭምጭሚት ድረስ ይበቃኛል። እጄን ከያዝሽኝ እስከ ጉልበት።

ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ፣ በእኛ ነው። አንቺ ጋ ቀን ነው። ብታነሺም ባታነሺም እደውላለሁ፤ ካላነሣሽ እሑድ ከእማማ ቤት እደውላለሁ፣ እሳቸው ስልኩን ይዘው።

ሂሩት