የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ የሚያብረቀርቀው በየት በኩል ይሁን?

የክበባችን የ2017 ዓ.ም. ሥራ ከአንድ ጥያቄ ነው የተነሣው። ያመጣችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷ ሥጋ በፎይል ሲጠቀልሉ የሚያብረቀርቀውን ፊት ወደ ውስጥ ያደርጋሉ፤ አክስቷ ደግሞ ወደ ውጭ። ሁለቱም «እንዲህ ካልሆነ በደንብ አይበስልም» ባይ ናቸው።

መጀመሪያ ሁለቱ ፊቶች ለምን እንደተለያዩ አነበብን። የቤት ፎይል ውፍረቱ 0.016 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ የሳሳ አሉሚኒየም ብቻውን ሲዳመጥ ስለሚበጠስ በመጨረሻው ዙር ሁለት ሆኖ ተደርቦ ያልፋል። የተወለወለውን ሮለር የነካው ፊት ያብረቀርቃል፤ እርስ በርስ የተነካካው ይደበዝዛል። ልዩነቱ ይኸው ነው። እንዳይጣበቅ ተብሎ የተቀባ ፎይል ግን አለ፤ እሱ ላይ የትኛው ፊት ምግቡን እንደሚነካ ይጻፋል።

ልጆቹ በንባብ ብቻ አልረኩም፤ እኔን ደስ ያለኝም ይሄ ነው። ሥጋ እንዳንሞክር ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጠሙ። ስለዚህ ከሰኞ ገበያ ድንች ገዛን። እኩል የሚመዝኑትን መርጠን፣ ግማሹን አብረቅራቂው ወደ ውጭ፣ ግማሹን ወደ ውስጥ ጠቅልለን ከሰል ላይ ደረደርን። ማንም ሳይቀምስ በቴርሞሜትር ብቻ ለካን። አብረቅራቂው ወደ ውጭ የሆነው ቀድሞ ጋለ። ጭብጨባው ቀለጠ። አንድ ዝምተኛ ልጅ ግን «እነዚያኮ ማራገቢያው በሚመታው በኩል ናቸው» አለ። ቦታ አቀያየርናቸው። አሁንም ቀድሞ የጋለው ማራገቢያው በኩል ያለው ሆነ። ፎይሉ በየትኛውም ፊት ቢዞር የረባ ለውጥ አላየንም። የዓመቱን ምርጥ ቀን ምረጥ ብባል ያንን እመርጣለሁ።

ሥጋው ከፋሲካ በኋላ መጣ። የበግ ጎድኑ ከሙስሊምና ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ለየብቻ ተገዛ፤ ምድጃውም ቢላዋውም ለየብቻ። ጥያቄው ስቡ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች የሚለው ነበር። ብዙዎቹ ስቡ ከላይ ከሆነ ቀልጦ ሥጋው ውስጥ ይገባል ብለው ነበር የጠበቁት። ስቡ ግን በጎን እየወረደ ከሰሉ ላይ ጠብ ጠብ ሲል በዓይናቸው አዩ። የቀለጠ ስብ ሥጋውን አልፎ አይሰርግም። እሳቱ ከታች ከሆነ ስቡን ወደ ታች ማድረግ ሥጋውን ከግለት ይከልለዋል። የሚንጠባጠበው ነበልባል ስለሚያስነሣ ግን ፍሙ መሳሳት አለበት። እሳቱ ከላይ በሚመጣበት ኦቨን ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው እሳቱ በየት በኩል እንዳለ ነው።

«በኃይለኛ እሳት ላዩን ቶሎ ጠበስ ካደረጉት ውሃው ውስጡ ይታሸጋል» የሚባለውንም በሚዛን ፈተንን። እንደዚያ የተደረገውም ከሌላው ባልተናነሰ ቀለለ። ቡናማው ቅርፊት የሚሰጠው ጣዕምና መዓዛ ነው፤ ለዚያ ሲባል ማድረጉ ተገቢ ነው።

አንድ ነገር ለወላጆች፦ በብረት ትሪ ያለ የቲማቲም ስልስ በፎይል ሸፍነን አሳደርን። ስልሱ የነካው ቦታ ተበሳስቶ አገኘነው። ቲማቲም፣ ሎሚና ጨው ያለበት ምግብ ፎይል እየነካ ባያድር ይመረጣል።

ለ2018 ዓ.ም. ልጆቹ የመረጡት ከፍታን ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ዝቅ ባለችው ኮምቦልቻ ትንሽ ከፍ ይላል። አንድ ዓይነት ቅቅል በሁለቱም ከተማ ቀቅለን ሰዓቱን ልናወዳድር አስበናል። ያለን ቴርሞሜትር አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛ የሚያውሰን ወላጅ ካለ በመምህራን ክፍል ያገኘናል።