እህቱ ነሽ እንጂ ቴራፒስቱ አይደለሽም

ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ካለፈው ይሻላል፤ በሱ አትጨነቂ። ዛሬ የምጽፍልሽ ሌላ ጉዳይ ኖሮኝ ነው።

የወንድምሽ ሚስት ደውላልኝ ነበር። እሑድ ማታ ሁለቱን በቪዲዮ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ፣ «ትዳራችሁን ከዜሮ እስከ አስር ስንት ትሰጡታላችሁ?» አልሻቸው አሉ። እሱ ስምንት አለ። እሷ ሦስት አለች። አንቺ ደግሞ «ጠዋት ክላስ አለኝ፣ ሌላ ቀን እንቀጥላለን» ብለሽ ዘጋሽው። እነሱ በቀረችው አምስት ነጥብ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጨቃጨቁ አመሹ። ወንድምሽ ሶፋ ላይ ነው ያደረው።

አልዋሽሽም፣ ስቄያለሁ። ስቄ ስጨርስ ግን ተናደድኩ።

ጥያቄው ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ። ያስፋፉት ስቲቭ ደ ሼዘርና ኢንሱ ኪም በርግ ባልና ሚስት እንደነበሩ፣ ሁለቱም ሶሻል ወርክ እንደተማሩ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። አንዱ «ሦስት» ካለ ቀጥሎ «እንዴት ሁለት አልሆነም? እስካሁን ያቆያችሁ ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል ብለሽኛል። የጥያቄው ዋና ሥራ ያለው ከቁጥሩ በኋላ ነው ማለት ነው። አንቺ ቁጥሩን አስወጥተሽ ሄድሽ። ብትጨርሺውም ግን ያው ነበር። እነሱን መጠየቅ የአንቺ ሥራ አይደለም።

መሃል አትግቢ፣ ልጄ።

ይሄን የምልሽ ሙያሽን ስለናቅኩ እንዳይመስልሽ። ማስተርስሽን በትዳርና በቤተሰብ ቴራፒ ላይ እንደምትሠሪ የነገርሽኝ ቀን ለጎረቤት ሁሉ ነው ያወራሁት። በቤተሰብ ቴራፒ ስሟ የሚጠራው ቨርጂኒያ ሳቲር ወደ ሶሻል ወርክ ከመግባቷ በፊት አስተማሪ እንደነበረች፣ የተማሪዎቿንም ቤት እየሄደች ትጎበኝ እንደነበር ስትነግሪኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እኔም ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ልጁን ለማወቅ ቤቱን ማየት እንደሚያስፈልግ ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

ግን የራስሽ ደንብ ምን ይላል? ዘመድ አይታከምም። ለዚህም ምክንያት አለው። የመስክ ልምምድ ስትወጪ ባልና ሚስቱን አብረሽ ከማስቀመጥሽ በፊት እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ታነጋግሪያለሽ። መታሽ ወይ? ትፈሪዋለሽ ወይ? ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ፍርሃት ካለ አንድ ላይ ማስቀመጥ አደጋ ሊሆን ይችላልና። ምክንያቱም ሚስትየው ባሏ ፊት የተናገረችውን ማታ ቤት ስትገባ ትከፍልበታለች። የወንድምሽን ሚስት እንዲህ ብለሽ ጠይቀሻታል? አልጠየቅሻትም። ለምን? «ወንድሜን አውቀዋለሁ» ብለሽ ነዋ። እኔም አውቀዋለሁ፣ እጁን አያነሳም። ግን «አውቀዋለሁ» የእህት ቃል ነው። ቴራፒስት እንዲህ ብላ ጥያቄ አትዘልም።

ምስጢሩም አለ። ልጅቷ ለብቻሽ የሆነ ነገር እንደነገረችሽ ከድምጿ ገብቶኛል። ምን እንደሆነ አልጠይቅሽም፣ እንዳትነግሪኝም። ቢሮ ብትሆኑ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን «ለብቻ የምትነግሩኝን እንዲህ ነው የምይዘው» ብለሽ ታስታውቂያቸው ነበር። አሁን ግን ወንድምሽ በደወለ ቁጥር የሚስቱን ነገር በአፍሽ ይዘሽ ልታወሪው ነው። እንዴት ልትችይው ነው?

ባለፈው መጥተሽ ስትሄጂ ጠረጴዛ ላይ የተውሽውን ወረቀት አየሁት። ጄኖግራም ያልሽኝን፣ ቤተሰብን ከነዝምድናው በምልክት የሚያሳየውን ሥዕል። ወንዱ አራት ማዕዘን፣ ሴቷ ክብ፣ የሞተው ኤክስ። እኔና አክስትሽ መካከል ያ የጠብ መስመር፣ ዚግዛጉ። እሱስ ይሁን፣ እውነት ነው። አያቶችሽ መካከል ግን ቀጥ ያለ መስመር አድርገሻል። እሱ ትክክል አይደለም። ሳትወለጂ የሆነ ነገር ስለሆነ አልፈርድብሽም።

አያትሽና አያትሽ አንድ ቤት እየኖሩ አይነጋገሩም ነበር። በልጅነቴ ለረጅም ጊዜ እንዲህ ነበሩ። በመካከላቸው ፖስተኛዋ እኔ ነበርኩ። እሱ ሳሎን፣ እሷ ጓዳ። «ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በይው፣ ካልፈለገ ይተወው» ትለኛለች። እኔ ሄጄ «እማዬ ምሳ ብላ ትልሃለች» እላለሁ። እሱ ጋዜጣውን ሳያወርድ «አልራበኝም በያት፣ እጇን አልናፈቅሁም» ይላል። እኔ ተመልሼ «ትንሽ ቆይቶ ይበላል» እላለሁ። በሩ ላይ ቆም ብዬ ነበር ቃሉን የማለሳልሰው። እዚያ በር ላይ ያላሳመርኩት መልእክት አልነበረም።

አንድ ቀን ደከመኝ። ትምህርት ቤት ተቀጥቼ መጥቼ ነበር። ያለችውን እንዳለ፣ ያለውን እንዳለ አደረስኩ። ምን የሆነ ይመስልሻል? ሁለቱም እኔ ላይ ዞሩ። እሱ «ነገር አመላላሽ» አለኝ። እሷ «መቼ እንዲህ አልኩሽ» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት እኔ ጥፋተኛ በመሆኔ ላይ ነው። ማታ አንድ ላይ ተቀምጠው ስለ እኔ ባህርይ ሲያወሩ ሰማኋቸው፣ ደግሞ በደንብ ነበር የሚያወሩት!

ቦወን የሚባለው የአእምሮ ሐኪም የጻፈውን ስታነቢልኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ሁለት ሰዎች ውጥረቱ ሲበዛባቸው ሦስተኛ ሰው ይጎትታሉ የሚለውን። አንቺ አልገባትም ብለሽ ደግመሽ አስረዳሽኝ። ገብቶኝ ነበር፣ ልጄ።

የሚቆጨኝ፣ እናቴን «መነሻው ምን ነበር?» ብዬ አለመጠየቄ ነው። አሁን የሚያውቅ ካለ አክስትሽ ብቻ ናት። እኔን አትነግረኝም፣ አንቺን ግን ትነግርሻለች። ደውይላት። የምትጠይቂያት ግን እንደ እህቷ ልጅ ነው። ማስታወሻ ደብተር አትያዢ።

ቦወን ራሱ ተማሪዎቹን ወደየቤተሰባቸው ይልክ አልነበር? ትይኛለሽ። ይልክ ነበር። እሱም እ.ኤ.አ. በ1967 ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ስለ ገዛ ቤተሰቡ ተናግሯል ብለሽኛል። ግን ይልካቸው የነበረው ቤተሰቡን እንዲያክሙ ነው? አይደለም። እነሱ ራሳቸው እዚያ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ እንዲያዩ ነው። አንቺ ወደ ወንድምሽ ቤት የሄድሽው እሱን ልታስተካክይ ነው። ይሄና ያኛው አንድ አይደለም።

ስለዚህ መሃል አትግቢ። ሲጠሩሽም አትግቢ። በተለይ ሲጠሩሽ።

አሁን የማዝሽን ስሚኝ። ልምምድሽን ለምትከታተለው ሱፐርቫይዘርሽ ንገሪያት። ዝርዝሩን ሳይሆን፣ የወንድሜ ትዳር እየተናጋ ነው በያት። ልምምድ ላይ የምታያቸው ባልና ሚስት አሉ አይደል? ባልየው ሲናገር የወንድምሽን ድምፅ መስማትሽ አይቀርም፤ ሳታውቂው ለሱ ታደያለሽ ወይም ትጨክኚበታለሽ። ከሱፐርቫይዘርሽ ጋር አብራችሁ የምታዩት ይሄን ነው። ያነጋገርሻቸውን ሰዎች ቃል በቃል የምትጽፊበትን ደብተርም ቆልፊበት። እኔ ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁት የራሳችን ጉድ ስለሆነ ነው እንጂ የሌላ ሰው ቢሆንስ ኖሮ? ጥርስሽንም ታዪው፣ እያደር ይብስብሻል። የሌሊት ንባቡንም ቀንሺ፤ ዓይንሽ እንደ አባትሽ ነው።

ወንድምሽ ቅዳሜ ይደውልልሻል። ይሄን ሁሉ መጻፌን አልነገርኩትም። ስለ ልጁ ጠይቂው። መራመድ ጀምሯል፣ ሊያወራልሽ ይፈልጋል። ስለ ሚስቱ ካነሳ ስሚው፣ ግን አትጠይቂው። «እኔ እህትህ ነኝ፣ የሚሆናችሁ ሰው ልጠቁምህ» በይው። ሁለት ሦስት ስም አዘጋጅተሽ ጠብቂ። የክፍል ጓደኛሽን ስም ግን እንዳትሰጪው።

ለሚስቱም ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂያት። አጭር ይሁን። ቁጥር አትጠይቂያት።

እናትሽ