ጠያቂ ሆናችሁ ለተቀመጣችሁልን ሁሉ

በትልቅ ኩባንያ ለሶፍትዌር ኢንጂነርነትና ለፕሮዳክት ማኔጀርነት (ምርቱ ምን ይምሰል የሚለውን ለሚመራ ሰው) የሥራ ኢንተርቪው ስንዘጋጅ የቆየን የልምምድ ቡድን አባላት ዙሩን ጨርሰናል። ማን አለፈ፣ ማን ቀረ የሚለው የየሰው ጉዳይ ነውና አንነካውም። ውለታው ግን የጋራ ነው። እግዜር ይስጥልን ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ያደረጋችሁት ግን በደፈናው የሚመሰገን ስላልሆነ በዝርዝር እንጽፈዋለን። ከኋላችን የሚዘጋጅም የሚበጀውን ይውሰድበት።

ቀዳሚው ምስጋና ሰዓት ይዛችሁ ለተቀመጣችሁት ነው። የኮድ ኢንተርቪው ብዙውን ጊዜ 45 ደቂቃ ይባላል እንጂ ለኮዱ የሚተርፈው ያን ያህል አይደለም። መተዋወቁ 5 ደቂቃ ይወስዳል፤ መጨረሻ ላይ ለተጠያቂው ጥያቄ ሌላ 5 ደቂቃ ይተዋል። በቀሪው 35 ደቂቃ ሁለት ጥያቄ ከመጣ ለአንዱ 17 ደቂቃ ገደማ ይደርሰዋል። እናንተ ያስያዛችሁን ክፍፍል 3 ደቂቃ ጥያቄውን ማጥራት፣ 4 ደቂቃ አካሄዱን በቃል ማስረዳት፣ 7 ደቂቃ መጻፍ፣ የቀረውን መፈተሽ የሚል ነበር። ብቻውን የሚለማመድ ሰው "ይቺን ብቻ ላስተካክል" እያለ ሰዓቱን ያቆማል፤ ጠያቂ ፊት ለፊት ሲኖር ይህ አይሠራም። "ጊዜ አልቋል" ስትሉን ቅር ያለን ቢኖርም ትክክል ነበራችሁ።

ዝምታችንን ስለሰበራችሁም እናመሰግናለን። ሰው ሲያስብ ዝም ማለቱ ያለ ነው፤ ጠያቂው ግን ወረቀቱ ላይ የሚሞላው የሰማውን ብቻ ነው። አንድ ደቂቃ ዝም ያለ ሰው መልሱን ቢያገኘው እንኳ እንዴት እንዳገኘው የሚመሰክርለት የለም። መድኃኒቱ ዝም ብሎ መለፍለፍም አይደለም። ድምራቸው የተባለውን የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ከዝርዝር ፈልግ ቢባል፣ "መጀመሪያ ሁሉንም ጥንድ የሚሞክረውን መንገድ አየሁ፤ በኤን ስኩዌር ይሄዳል፤ ያየሁትን ቁጥር በሃሽ ማፕ ብይዝ ግን አንድ ዙር ይበቃኛል" ማለት ይበቃል (ኤን ስኩዌር ማለት ሥራው የቁጥሮቹ ብዛት በራሱ ሲባዛ ያህል ነው፤ ሃሽ ማፕ የያዘውን ወዲያው ፈልጎ የሚሰጥ መዝገብ ነው)። ሦስት ሐረግ ናት፤ ጠያቂው ግን ከእሷ የቀላሉን መንገድ፣ ዋጋውንና ማሻሻያውን ይሰማል።

ጽፈን ስንጨርስ "እስቲ በእጅህ አስኪደው" ትሉ የነበራችሁት ደግሞ ልዩ ምስጋና ይገባችኋል። አንዱን ምሳሌ ቀረብ አድርገን እናሳይ። 3 በ3 የሆነ ሰሌዳ አለ፣ ከላይ ግራ ጥግ ተነስቶ በቢኤፍኤስ (ከመነሻው ቅርብ የሆነውን እያስቀደመ በሚሰፋ ፍለጋ) አጭሩን መንገድ መፈለግ ነው። ብዙ ሰው አንድን ሳጥን "ታይቷል" ብሎ የሚመዘግበው ከኪው (ቀድሞ የገባ ቀድሞ ከሚወጣበት ወረፋ) ሲያወጣው ነው። በእጅ ሲኬድ ችግሩ ወዲያው ይወጣል። ከጥጉ በስተቀኝ ያለው ሳጥን መካከለኛውን ሳጥን ኪው ውስጥ ያስገባል፤ ከጥጉ በታች ያለው ደግሞ መካከለኛው ገና ስላልወጣ ያንኑ እንደገና ያስገባዋል። 3 በ3 ላይ መልሱ አይበላሽም፣ ስለዚህ አይታወቅም፤ ሰሌዳው ሲሰፋ ግን ኪው በድግግሞሽ ይጥለቀለቃል። ምዝገባው ሲገባ መሆን አለበት። ይህን በቃል ነግራችሁን ቢሆን ኖሮ እንረሳው ነበር፤ እርሳስ አስይዛችሁ ስላስኬዳችሁን አይረሳም።

ባይነሪ ሰርችም (በቅደም ተከተል የተደረደረን ዝርዝር ከመሐሉ እየከፈሉ መፈለግ) እንዲሁ ነው። መሐሉን ለማግኘት ሁለቱን ጠርዞች ደምሮ ለ2 ማካፈል ትክክል ይመስላል። በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር ግን ከ2,147,483,647 በላይ አይይዝም፤ ድምሩ ከዚያ ካለፈ ወደ አሉታዊ ቁጥር ይገለበጣል። በራሱ በጃቫ መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ ይኸው ስህተት ለዓመታት ተደብቆ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው በይፋ የተነገረው። ልዩነታቸውን ለ2 አካፍሎ በታችኛው ጠርዝ ላይ መደመር ይፈታዋል። በፓይተን ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ይህ አይነካውም፤ እሱን የሚነካው ከሊስት መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ባወጣ ቁጥር የቀሩት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ መንቀሳቀሳቸው ነው። ለኪው በሊስት ፈንታ ዴክ (ከሁለቱም ጫፍ በፍጥነት የሚወጣበት ዝርዝር) ይጠቀም።

ለእንቆቅልሽ ጊዜ እንዳናባክን የመከራችሁንንም እናስታውሳለን። የጉግል የሰው ኃይል ኃላፊ የነበረው ላዝሎ ቦክ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ጊዜ ማባከን እንደሆኑ እ.ኤ.አ. በ2013 በአደባባይ ተናግሯል። አንዳንድ የልምምድ ስብስብ ግን ዛሬም ሞልቶባቸዋል።

የፕሮዳክት ጠያቂዎቻችን፣ እናንተ ሥራችሁ ከበድ ያለ ነበር፤ ኮድ ቢያንስ ይሠራል ወይም አይሠራም፣ የፕሮዳክት መልስ ግን ባማረ ንግግር ሊሸፈን ይችላል። "ለዓይነ ስውራን ማንቂያ ሰዓት ንደፍ" ስትሉ አብዛኞቻችን በቀጥታ ወደ ድምፅና ወደ ቁልፍ ዘለልን። "ለየትኛው ዓይነ ስውር?" የምትለው ጥያቄያችሁ መልሱን ከሥሩ ቀየረችው። መስማትም ለማይችል ሰው ድምፅ ምንም አያደርግም፣ ትራስ ሥር የሚነዝር ነገር ይፈልጋል፤ ዕድሜው ገፍቶ ዓይኑ የደከመ ሰው ደግሞ ብሬይል ላያነብ ይችላል። ተጠቃሚው ሳይመረጥ የሚዘረዘር ባሕርይ ሁሉ ግምት ነው።

የቁጥር ጥያቄዎቹም ላይ እንዲሁ። "የሚላኩ መልእክቶች በአንድ ሳምንት 10 በመቶ ቀነሱ፣ ምን ታደርጋለህ?" ሲባል የሚጣደፍ ሰው መፍትሔ ያወራል። እናንተ ቅደም ተከተል አስያዛችሁን። በቅድሚያ ቁጥሩ እውነት መሆኑ ይጣራ፤ የአቆጣጠሩ ትርጉም ወይም ምዝገባው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ሰኞ ከሰኞ ጋር እንጂ ከእሑድ ጋር አይነጻጸር። ቅናሹ በአንድ ቀን የሆነ ነው ወይስ ቀስ በቀስ? በአንድሮይድ ብቻ ከሆነና አዲስ ቨርዥን በወጣበት ቀን ከጀመረ፣ ተጠርጣሪው ግልጽ ነው። በሁሉም ቦታ ቀስ እያለ ከወረደ ደግሞ መልእክቱ ወደ ሌላ ክፍል፣ ለምሳሌ ወደ ድምፅ ጥሪ፣ ፈልሶ እንደሆነ ይታያል። ያኔ ቅናሹ ራሱ መጥፎ ዜና ላይሆን ይችላል።

በሲስተም ዲዛይን (ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን ሥርዓት የመንደፍ ጥያቄ) ላይ የተቀመጣችሁት ባለሙያዎች ሣጥንና ቀስት ከመሳላችን በፊት ስሌት አስሠራችሁን። 50 ሚሊዮን ሰው ሰርቨሩን በቀን 10 ጊዜ ቢጠይቅ 500 ሚሊዮን ጥያቄ ይሆናል። ቀን 86,400 ሴኮንድ ነው፤ ለአፍ ስሌት 100,000 ብሎ መያዝ ይቻላል። በሴኮንድ 5,000 ይወጣል፣ ትክክለኛው 5,800 ገደማ ነው፤ ግርግር በሚበዛበት ሰዓት 5,000ው በሦስት እጥፍ ቢታሰብ 15,000። በቀን 1 ሚሊዮን ፎቶ፣ እያንዳንዱ 2 ሜጋባይት፣ በሦስት ቅጂ ቢቀመጥ በቀን 6 ቴራባይት፣ በዓመት ከ2 ፔታባይት በላይ ነው። ከዚህ በኋላ "ፎቶውን ዳታቤዝ ውስጥ እናስቀምጣለን" ለማለት የሚደፍር የለም። ካሽ (ብዙ የሚጠየቀውን ለፍጥነት በቅርብ የሚይዝ ጊዜያዊ ማከማቻ) እንጨምራለን ባልን ቁጥር "ካሹ ባዶ ሲሆንስ?" ስትሉ፣ ክፍያ ባነሳን ቁጥር "ኔትወርኩ ተቋርጦ ሰውየው የክፍያውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቢጫነውስ?" ስትሉ ቆይታችኋል። ለሁለተኛው መልሱ እያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ የራሱን ልዩ መለያ ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ነው፤ ሰርቨሩ መለያውን አይቶት ከሆነ ክፍያውን አይደግመውም፣ የቀድሞውን መልስ ይመልሳል።

ስለ ሥራ ልምድ የሚጠየቀው ክፍል ላይ ያረማችሁን ትልቁ ጉድለት "እኛ" ማለታችን ነው። በትሕትና ነው የምንለው፤ ጠያቂው ግን አንተ ምን እንዳደረግህ ሳያውቅ ይወጣል። ቡድኑ የሠራውን በአንድ ሐረግ ማለፍ፣ ከዚያ "የእኔ ድርሻ" ብሎ መቀጠል ነው። ከ6 እስከ 8 ታሪክ አዘጋጁ አላችሁ፤ እያንዳንዱ 2 ደቂቃ የማይበልጥ፣ አንዱ ያልተሳካ፣ አንዱ ከአለቃ ጋር ያለመስማማት። አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ 16 የሆኑ የአመራር መርሆዎች አሉት፤ ከጠያቂዎቹም አንዱ ባር ሬዘር የሚባለው፣ ከቀጣሪው ቡድን ውጪ የሚመጣ ሰው ነው። እዚያ የሚቀርብ ሰው ታሪኮቹን ከመርሆዎቹ ጋር አስቀድሞ ያዛምድ፤ መርሆውን በቃሉ መደጋገም ግን አይረዳውም፤ ታሪኩ ራሱ ይናገር። ሦስት ጊዜ "ለምን?" ሲባል የሚያልቅ ታሪክ ደግሞ የተጋነነ ታሪክ ነው። ይህን የነገራችሁን ያለ ርኅራኄ ነበር፣ ተመስገኑ።

ሪክሩተሮችም (በኩባንያው በኩል የቅጥሩን ሂደት የሚያስኬዱት) አሉ። ኮዱ የሚጻፈው በሚሠራ ኤዲተር ነው ወይስ ማስኬጃ በሌለው ተራ ዶክመንት ላይ? ስንት ዙር ነው? በየትኛው ቋንቋ መጻፍ ይቻላል? ይህን በኢሜይል ስንጠይቃቸው ሳይሰለቹ መልሰዋል። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ድፍረት ይመስለዋል፤ ሥራቸው ነው፣ ይጠየቁ። ተራ ዶክመንት ላይ መሆኑን ያወቀ ሰው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ኤዲተሩ ቃል ሳይሞላለት ይለማመዳል።

በመጨረሻ፣ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ወረቀት ለሞላችሁት። አራት ዓምድ ነበረው፤ ጥያቄውን ማጥራት፣ አካሄድ፣ ኮዱ ወይም ንድፉ፣ ንግግር፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ነጥብ። 5 ያላደረጋችሁት ሰው ይሉኝታ ይዞት መሐል ላይ እንዳይቀመጥ ነው፤ 4 ሲሆን ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች መወሰን ግድ ይላል። ወረቀቶቹ ሁሉ ተቀምጠዋል። ከመጪው ወር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሆነን በጠያቂው ወንበር እንቀመጣለን፤ የሚዘጋጅ ታናሽ ያላችሁ ላኩልን፣ የሰዓቱንም የዓምዱንም ሕግ አንለውጥም።

የልምምድ ቡድኑ አባላት