ሌንሱ ሲሸጥ የፎቶ ቤቱ ስም አብሮት ይሂድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በፒያሳ አካባቢ ካሜራ በመጠገን የምተዳደር አንባቢያችሁ ስሆን፣ ከቀድሞ ፎቶ ቤቶች የወጡ ሌንሶች ለውጭ አገር ሰብሳቢዎች ስለሚሸጡበትና በሌላ ሌንስ ስለሚለወጡበት መንገድ ይህን ጽፌአለሁ። ንግዱ ይከልከል የሚል አቋም የለኝም፤ አባታቸው የተዉላቸውን ዕቃ ሸጦ መጠቀም የወራሾች መብት ነው። የምጠይቀው፣ ሌንሱ ከአገር ከመውጣቱ በፊት የየትኛው ፎቶ ቤት እንደነበረ፣ በምን ካሜራ ላይ እንደሠራና መለያ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲቀር ነው።

የድሮ ሌንስ ገበያ የደራው ሚረርለስ ካሜራዎች (በውስጣቸው አንጸባራቂ መስታወት የሌላቸው አዳዲስ ዲጂታል ካሜራዎች) ከመጡ ወዲህ ነው። በሶኒ ሚረርለስ ካሜራ ሌንሱ ከሚታሰርበት ቀለበት እስከ ምስል ተቀባዩ ያለው ርቀት 18 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከዜኒት ካሜራ ጋር ይመጣ የነበረው የሶቪየቱ ሄሊዮስ 44-2 ግን 45.46 ሚሊ ሜትር ስለሚፈልግ፣ ልዩነቱን አንድ ተራ አዳፕተር (ማገናኛ ቀለበት) ይሞላውና የድሮው ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ ይሠራል። ሄሊዮስ በገፍ የተመረተ ነውና ብርቅ አይደለም። ሰብሳቢዎች የሚያድኑት የጀርመን ኩባንያዎችን ሥራ፦ የላይካን የቆዩ ሌንሶች፣ ካርል ዘይስ በየና ከተማ ያመረታቸውን፣ ወይም ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀውንና ለጉርድ ፎቶ የተወደደውን የፎክትሌንደርን ሄሊያር የተባለ ሌንስ ነው።

ብርቅ ዕቃ ባለበት አስመስሎ የተሠራ አይጠፋም። ፌድና ዞርኪ የተባሉ የሶቪየት ካሜራዎች የላይካ ስም እየተቀረጸባቸው በዓለም ገበያ ሲሸጡ ኖረዋል። ስለዚህ ሩቅ አገር ያለ ገዥ ዕቃውን ሳይነካ የሚተማመነው ቀለበቱ ላይ በተቀረጸው ቁጥርና ዕቃው ከማን እጅ እንደመጣ በሚያስረዳ ወረቀት ነው። ደላሎች ይህን እያወቁ ለወራሾች አይነግሩም። ሌንሱን ከካሜራው፣ ከደረሰኝ ደብተሩና ከኔጋቲቩ ነጥለው ይገዛሉ፤ የቀረው ቆሻሻ ተብሎ ይጣላል።

ከዳግማዊ ምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ከቤድሮስ ቦያጂያን ጀምሮ፣ የዚህችን ከተማ ሰው በምስል ያስቀሩልን አርመናውያንና ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በምን መሣሪያ ይሠሩ እንደነበር ነገ ለሚጠይቅ ተማሪ ምን እናሳየዋለን? በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ቤቶች ለኮሪደር ልማት ከፈረሱ ወዲህ ደግሞ የብዙ ሱቆች ቦታ እንኳ በሰው ትውስታ ብቻ ቀርቷል።

ወራሾችን አደራ የምላቸው፣ ሌንሱ ያማረ እንዲመስል ብለው እንዳይፈትጉት ነው። ከኋላው በስልክ መብራት ሲያበሩበት የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ከታየ ሻጋታ ነው። ሻጋታው አብዛኛውን ጊዜ በመስታወቶቹ መካከል ስለሚሆን ጨርቅ አይደርስበትም፤ ፍትጊያው የሚያበላሸው የውጭውን ስስ ሽፋን ነው። ጉድለቱን እንዳለ ፎቶ አንስቶ ለገዥው መላክ ይሻላል።

ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ለዚህ የሚሆን አንድ ገጽ ቅጽ ቢያዘጋጅና ባለቤቶች በፈቃደኝነት ሞልተው አንዱን ቅጂ እዚያ፣ ሌላውን ከሌንሱ ጋር ቢያደርጉት፣ ሻጩም የተሻለ ዋጋ ያገኛል፣ አገርም መዝገብ ይኖራታል። ቅጹን በማዘጋጀትና ዕቃዎቹን በመለየት በኩል እኔም ሆንኩ በሙያው ያሉ ጓደኞቼ ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የካሜራ ጠጋኝ፣ ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ