ሸራ ላይ የታተመ ፎቶ ቦርድ ላይ ለምትለጥፉ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ጊዜ ሸራ ላይ የታተመ አንድ ትልቅ ፎቶዬን ፎም ቦርድ (መሃሉ ፎም የሆነ ቀላል ሰሌዳ) ላይ ለጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ቦርዱ እንደ ሰፌድ ጎብጧል። በጣም አዘንኩ። የእናንተ ድካም እንዲህ እንዲበላሽ አልፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ያለበት ኮላ ሸራውን ያረጥበዋል። ሲደርቅ ሸራው ይሰበሰባል፤ ቦርዱንም ይዞት ይሄዳል። ጀርባው ባዶ ስለሆነ በተቃራኒው የሚስበው የለም። ስለዚህ ከኋላም ተመሳሳይ ሸራ፣ ከጠፋ ወፍራም ወረቀት፣ በዚያው ኮላ በዚያው ጊዜ ለጥፉ። ሁለቱም ጎን ሲሳሳቡ ቦርዱ ቀጥ ይላል። ይቺን አትዝለሏት። ትርፍ ወጪ ትመስላለች እንጂ ሥራውን የምታድነው እሷ ናት።

ኮላውን በሮለር ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከመሃል ወደ ዳር ጫኑ፣ አየሩ ይውጣ። ከዚያ ጠፍጣፋ ቦታ አስተኝታችሁ፣ ንጹህ ወረቀት አልብሳችሁ፣ ክብደት ጭናችሁ 24 ሰዓት ተዉት። ፀሐይ ላይ በፍጹም! ግድግዳ ላይ አስደግፎ ማድረቅም ያጣምማል።

ከአንድ ሜትር ለሚበልጥ ፎቶ ግን ፎም ቦርድ ባትደክሙበት ይሻላል። 3 ሚሊሜትር አሉኮቦንድ (መሃሉ ፕላስቲክ፣ ሁለቱም ፊቱ አሉሚኒየም የሆነ ሰሌዳ) ከፎም ቢከብድም ውሃ አይጠጣም፣ በቀላሉም አይጎብጥም። ቁራጭ የተረፋችሁ ለሌላው አካፍሉ። እኔም ሮለሬን ይዤ እመጣለሁ።