ወደ ሞርዚን ለሚጓዙ የብስክሌት ማኅበራችን አባላት

ውድ አባላት፣

በመጪው ሐምሌ ለምናደርገው ጉዞ ማረፊያችን በፈረንሳይ አልፕስ የምትገኘው ሞርዚን እንድትሆን ተወስኗል። ከተማዋ ድንበር ተሻግሮ እስከ ስዊዘርላንድ በሚዘልቀው፣ 12 የበረዶ መንሸራተቻ ጣቢያዎችን ባቀፈው ፖርት ዱ ሶሌይ ውስጥ ናት። በረዶ ሲጥል ተንሸራታቾችን የሚያወጡት ኬብል ካሮች በዚህ ወቅት ብስክሌቶቻችንን ስለሚጭኑልን ድካማችን በአብዛኛው ቁልቁለቱ ላይ ይሆናል።

መንገዶቹ እንደ አስቸጋሪነታቸው፣ ከቀላሉ ጀምሮ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ፣ በቀይና በጥቁር ተለይተዋል። ልምድ ያላችሁም ብትሆኑ የመጀመሪያውን ቀን በጎረቤት ሌ ጄ ሰማያዊ መንገዶች ላይ እንድታሳልፉ እጠይቃለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2022 የተራራ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደበት ተራራ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ በቀጥታ ወደ ጥቁሩ እንደምትሮጡ አውቃለሁና። በ2011 ውድድሩን ያስተናገደችው የስዊዘርላንዷ ሻምፔሪ ደግሞ እጅግ ቀጥ ያለች በመሆኗ፣ ዝናብ ከጣለ እኔ በበኩሌ አልወርድባትም።

ፍሬናችሁን ከመነሳታችን በፊት አስፈትሹ። ባለፈው ጉዞ ረጅሙን ቁልቁለት ፍሬን ሳልለቅ በመውረዴ ዲስኩ ወደ ወይን ጠጅነት ተለውጦ፣ የተቃጠለው የፍሬን ሸራ ሽታ እስከ ታች ተከትሎኛል፤ አጥብቆ ይዞ ወዲያው መልቀቅ እንጂ ያለማቋረጥ ማሸት አይገባም ነበር። ትርፍ ሸራና ካላማዳሪ፣ አገጭ የሚሸፍን ሄልሜት እንዲሁም የጉልበት መከላከያ ያዙ። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ስለሚበዛና ኬብል ካሮቹም ያኔ ስለሚቆሙ፣ በየዕለቱ ማልደን እንወጣለን።